ሟች ያልነበረው ጡሩምባ

ጋሽ ገበየሁን በጠዋት ደጃፉ ላይ ማየት የሚወድ ሰው ወሰን ሰፈር ውስጥ አይገኝም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ዝንብ እሽ ማለት እንኳ ይከብደዋል። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ስለሆነ ነው። እሱ ከነፋ የሞተ ሰው አለ። ሰላም ሊል ብቻ ጎራ ያለባቸው ቤቶች እንኳ ገና ሳይቀመጥ "ማን ነው?" ይሉታል። ስለዚህ የሰው በር ሲያንኳኳ "ለደህና ነው" የሚለውን ማስቀደም ለምዷል።

በነሐሴ አጋማሽ ከእንጦጦ የወረደው ደራሽ ውሃ ወንዙ ዳር ያሉትን ቤቶች በጭቃ ሞላቸው። ሰው በመትረፉ ሁሉም ተመስገን አለ። የድልድዩ ሥር ግን በባሕር ዛፍ ግንድ፣ በሃይላንድና ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ፍራሽ ተወትፏል። ከሁሉ የባሰው የዘሀራ ቤት ነው። ዘሀራ ባሏ ከሞተ ወዲህ በርበሬ እየቸረቸረች ልጆቿን ያሳደገች የስልጤ ሴት ናት፤ የጭቃ ቤቷ ግድግዳ እስከ ወገቡ ርሷል። ድልድዩ ሳይከፈት ዝናቡ ከደገመ ቤቱ እንደሚናድ ማንም ያውቃል።

በማግስቱ ቅዳሜ ጋሽ ገበየሁና ጥቂት ጎረቤቶች አካፋ ይዘው ወረዱ። እስከ ቀትር ቢታገሉም ግንዱ ንቅንቅ አላለም። የሰፈሩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "ኑ አግዙን" ተብሎ ተጻፈ። ሰዉ የጸሎት እጅና የሚያለቅስ ፊት ላከ፤ ራሱን ግን አልላከም። በዚህ መሃል ከእንጦጦ ማርያም በላይ ሰማዩ ጠቆረ። ጋሽ ገበየሁ ደመናውን አየ፣ ዘሀራን አየ፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ሮጠ።

ጡሩምባው ተነፋ።

ሰዉ ከየቤቱ ግር ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢ ደርበው፣ ድምፁን ተከትለው ድልድዩ ጋ መጡ። አንዷማ ማን እንደሞተ ሳታውቅ ደረቷን ትደቃ ነበር። ከፊት የነበሩት የእድሩ ዳኛ አቶ ኃይሉ ሟቹ ማን እንደሆነ ጠየቁ።

"የሞተ የለም" አለ ጋሽ ገበየሁ። "ሁልጊዜ ካለፈ በኋላ ነው የምጠራችሁ። ዛሬ ሳያልፍ ልጥራችሁ ብዬ ነው።"

አቶ ኃይሉ ተቆጡ። ያለ ሞት ጡሩምባ መንፋት በእድሩ ሕግ ከሥራ ያስወጣል፤ ደግሞስ ነገ በእውነት ሲነፋ ማን ያምናል? ጋሽ ገበየሁ የተወተፈውን ድልድይና የዘሀራን ቤት በእጁ አሳያቸው። ያን ጊዜ ደረቷን ስትደቃ የነበረችው ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አደረገችና ጭቃው ውስጥ ገባች። ከዚያ በኋላ ማን ይቀራል? አቶ ኃይሉም እየተነጫነጩ ሱሪያቸውን ሰበሰቡ። ገመድ መጣ፣ ግንዱ ተጎተተ፣ ፍራሹ ወጣ። ዝናቡ ሲወርድ ውሃው በድልድዩ ሥር እየተንዶቀዶቀ አለፈ፤ የዘሀራ ቤትም እንደቆመ ቀረ።

ለካ ጡሩምባውን ሰምተው ለለቅሶ ቤት ንፍሮ የጣዱ ሴቶች ነበሩ። ዝናቡ ሲያባራ ድስቱ መጣ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው፣ በዘሀራ ደጅ፣ ማንም ያልሞተበትን ንፍሮ እየተሳሳቁ በሉ። አቶ ኃይሉ ስለ ሕጉ ሊያነሱ ሲሉ አፋቸው ሞልቶ ነበርና ተዉት።

ዘሀራ ከድስቱ አንድ እፍኝ ዘግና ለጋሽ ገበየሁ በሁለት እጇ ሰጠችው።

"ባሌ የሞተ ጊዜ ጡሩምባዎን ሰምቼ ረግሜዎት ነበር" አለችው። "ዛሬ ግን አላህ ዕድሜና ትንፋሽ ይስጥዎት።"

ለቅሶ ብሎ ከወጣው ሰፈር ሁሉ፣ ያን ቀን በእውነት ያለቀሰው ጋሽ ገበየሁ ብቻ ነው።