ጠብቆ የሚነበብ ቃል

የጥርስ ቴክኒሻኑ ልቦለድ እየጻፈ መሆኑ ከታወቀ ወዲህ ሚስቱ ስም አውጥታለታለች፤ «ደራሲው»። ቆሻሻ አውጣ ስትለው እንኳ «ደራሲው፣ ያቺን ቆሻሻ!» ነው የምትለው። ታላቅ እህቱ ግን ዛሬም «ማሙሽ» ትለዋለች፤ የፀጉሩ መሸበት እሷን አይመለከታትም። ቀኑን ላቦራቶሪ ተቀምጦ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሞርድ ይውላል፤ ከሥራ መልስ ደግሞ ረቂቁን ይሞርዳል። ሁለቱም ትንሽ ሲበዛባቸው ይበላሻሉ፣ ትንሽ ሲያንሳቸው ባለቤቱን ያቆስላሉ።

ረቂቁን ለአሳታሚዎች ሊልክ ሲያስብ አንድ የሚያውቀው አርታኢ መከረው። «መጀመሪያ በሌላ ሰው አፍ ስማው፤ ያንተ ዓይን የጻፍከውን ትቶ ያሰብከውን ነው የሚያነበው» አለው። ምክሩ ደግ ነበር። ችግሩ፣ አፍ ያለበት ቤት ጆሮም አለበት።

አፉ የሚስቱ ነው። የሙዓለ ሕፃናት መምህርት ስለሆነች ስታነብ ድመቱም አይጡም የየራሱን ድምፅ ያገኛል። ጆሮው ደግሞ የታላቅ እህቱ ነው። የዓይን ሞራዋ ተገፎላት እስክታገግም እነሱ ቤት ሰንብታለች። አንድ ዓይኗ በፋሻ እንደተሸፈነ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ፣ «ሬዲዮው አንገሸገሸኝ፤ የማሙሽን መጽሐፍ አንብቡልኝ» አለች።

ሰውየውን ላብ ያጠመቀው ይሄኔ ነው። ሰባተኛው ምዕራፍ የእሷ ታሪክ ነዋ! በርግጥ ስሟን ለውጧል፣ ልብስ ሰፊ አድርጓታል፣ ለባሏም ጢም አብቅሎለታል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ዱላውን ግን እንዳለ ነው የተወው። ሟቹ ባሏ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ነበር። ሲቀበር ስንቱ «እንዲህ ያለ ደግ ሰው!» እያለ አልቅሶለታል፤ እሷም ለማንም ትንፍሽ ሳትል ሸኘችው። የቤቱን ጉድ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ይሄ ወንድሟ ነው፤ ተማሪ ሳለ እነሱ ዘንድ ነበር የሚኖረው፣ ትምህርት ቤት የሚከፍልለትም እሱ ባልየው ነበር።

«የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ» እያለ ራሱን ይረግማል። ይረግምና ምዕራፉን መልሶ ያነበዋል። ያምራል፤ ከመጽሐፉ ሁሉ እሱን የሚያህል የለም። ይበልጥ ያሳፈረውም ማማሩ ነው። አውጥቶ ለመጣል አንጀቱ አልቆረጠም፣ እሷ ፊት ለማስነበብም ድፍረት አጣ። በመጨረሻ ሰባተኛውን ምዕራፍ ከረቂቁ ነጥሎ ፍራሽ ሥር ሸሸገው።

ሚስቱ አንሶላ ስትቀይር አገኘችዋ። «ይሄ ዝርክርክ!» አለችና ገጹን አመሳክራ ቦታው መለሰችው።

እሁድ ከሰዓት ንባቡ ቀጠለ። ስድስተኛው አልቆ «ምዕራፍ ሰባት» ስትል፣ የሚጠጣው ውኃ ትን አለው። አስሎ እስኪጨርስ እሷ ጀመረች፦

«ማታ ማታ ትመታለች፤ ጠዋት ጠዋት ትስቃለች።»

አላልታ ነው ያነበበችው፤ ሴትየዋ ራሷ ዱላ አንስታ ሰው እንደምትደበድብ አድርጋ። ሳቋ መጣ። «ጀግና ናት እባክህ! ማንን ነው እንዲህ የምትነርተው?»

«አጥብቀሽ አንብቢው» አለች እህትየው ከሶፋው። «መቺዋ እሷ አይደለችም። ዱላው እሷ ላይ ነው።»

የምዕራፉ የመጀመሪያ መስመር ነው። ማን ማንን እንደሚመታ ገና አልተነገረም። ሚስቱ ወረቀቱን አየች፣ ባሏን አየች፣ ከዚያ ዓይኗ የባሏ እህት ላይ ሲያርፍ ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። እሱማ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«እቴቴ፣ አወጣዋለሁ። አሁኑኑ እቀደዋለሁ።»

«ዝም በል ማሙሽ። አንብቢ አንቺ።»

ሚስቱ አነበበች፤ አሁን አጥብቃ፣ ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ። ዱላው ተነበበ፣ ጠዋት በረጅም እጅጌ የሚሸፈነው ክንድ ተነበበ። መጨረሻ ላይ ተማሪው ወንድም በሩን በትከሻው ሰብሮ ገባ፤ የባልየውን እጅ ጠምዝዞ እህቱን ከዚያ ቤት ይዟት ወጣ። እዚህ ስትደርስ ሚስቱ በኩራት ቀና ብላ ባሏን አየችው። እሱ ወለሉን ነው የሚያየው። በዚያ ቤት በር የሰበረ ሰው አልነበረም። ጎረምሳው ከግድግዳው ወዲያ ደብተሩን ዘርግቶ፣ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ይቀመጥ ነበር።

እህትየው ፋሻዋን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና፣ «መመታቷን አትንካው» አለች። «እኔ ስንት ዘመን ከአፌ ሊወጣ እምቢ ያለኝን አንተ ጻፍከው፤ ይሁን። ተቆጥቻለሁ፣ ግን ይሁን። አንድ ነገር ነው ያልገባኝ። በር ሰብሮ የሚያወጣት ወንድም ካላት፣ ይቺ ሴትዮ ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ቤት ምን ትሠራ ነበር?»

እሱ ሄዶ ወረቀቱን ከሚስቱ እጅ ወሰደና በሩ የሚሰበርበትን ገጽ ከላይ እስከ ታች በእስክሪብቶ ሰረዘው።

«እቴቴ፣ እሰማ ነበር» አለ። «ሁሉንም እሰማ ነበር። ቢያባርረኝስ ብዬ ነው። ትምህርቴ…»

«አውቃለሁ ማሙሽ» አለች። «እኔስ ምን ፈርቼ ቆየሁ መሰለህ?»