ለእህት ዘነበች የጻፍኩት እርግማን

ሙሉውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለፈው እሑድ በጉባኤው ፊት ቆሜ ጀምሬው ነበር፤ ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ ግን አልወጣልኝም። ተማሪም ሆኜ መልሱን እያወቅኩ እጄን የማላወጣ ነበርኩ። ስጽፍ አላፍርም። በደሌንም የሠራሁት በጽሑፍ ነውና የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ። የምታነቡኝ ሁሉ፣ እባካችሁ አትቸኩሉልኝ፤ ቶሎ ይቅር እንድትሉኝም አልፈልግም።

በ2010 ክረምት ጅግጅጋ ስትታመስ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ገና ወደ ቤት መመለሴ ነበር። ሱቆች ተዘረፉ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ተቃጠለ፣ እኛም ወደ ሐረር ሸሸን። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስንመለስ አንድ ወሬ ጠበቀን። እህት ዘነበች፣ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ፣ አልሸሸችም ነበር። ጎረቤቷ ኤዶ ኸድራ ቤቷ ደብቃታለች፣ ጅልባብም አልብሳታለች። (ኤዶ በሶማልኛ አክስት ነው፤ እኛም ሰፈር ትልልቅ ሴቶችን እንዲሁ እንጠራለን።) «ሃይማኖቷን ክዳ ነው የተረፈችው» ተባለ። መጀመሪያ ማን እንዳለው አላውቅም። እኔ ግን አመንኩ።

ለምን አመንኩ? ይህን ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ስንሸሽ መንገድ ላይ ያስቆሙን ወጣቶች ሙስሊም መሆኔን ሲጠይቁኝ፣ እናቴ ያከናነበችኝን ሻሽ ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። የካድኩት እኔ ነበርኩ። እኔ! ነገሩ በእሷ ላይ ሲወራ ግን ቀለለኝ። የእኔን ኃጢአት ሌላ ሰው ተሸክሞት ሳየው፣ ለመፍረድ ማንም አልቀደመኝም።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን መስከረም አንድ ጠዋት «የዓመቱ ቃል» ይወጣል። የመጽሐፍ ቅዱስ ተስፋዎች በትንንሽ ወረቀት ይጻፋሉ፣ ተጠቅልለው በመሶብ ይቀመጣሉ፣ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ያነሳል። ያነሳውን እግዚአብሔር ለዓመቱ የላከለት ቃል አድርጎ ይይዘዋል። አንዳንዱ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር የመጻፉ ሥራ የእኔ ነው።

በዚያ ዓመት ወረቀቶቹን ስጽፍ ኦሪት ላይ ሕዝቡ ትእዛዙን ቢጠብቅ የሚያገኘው በረከት፣ ባይጠብቅ የሚመጣበት እርግማን የተዘረዘረበት ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። በረከቱን ገለበጥኩ፤ በከተማ መባረክ፣ በእርሻ መባረክ። እዚያ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ወረድኩ። ሕጉን የተወ ከምድር ዳር እስከ ምድር ዳር እንደሚበተን፣ ለእግሩ ማረፊያ እንደማያገኝ የሚለውን ጻፍኩ። በጥሩ የእጅ ጽሑፌ ጻፍኩት። ጠቅልዬ በመዳፌ ያዝኩት።

ጠዋት በተቃጠለው ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ፣ ድንኳን ሥር፣ መሶቡን ይዤ የዞርኩት እኔ ነኝ። እህት ዘነበች ጋ ስደርስ ወረቀቱን ከላይ ጣል አደረግኩት። እንደማትመርጥ አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ ከላይ ያለውን ነው የምታነሳው። አነሳችው። እንደ ልማዳችን ቆማ ጮክ ብላ አነበበች። እስከ መጨረሻው አነበበችውና ተቀመጠች።

ማንም «ወረቀቱ ከየት መጣ?» አላለም። ሽማግሌያችን ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ጌታ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ይናገራል» አሉ። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

በሳምንቱ ቤታችን መጣች። «ራሔልዬ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ይሄ ነገር ምን ማለት ነው?»

እውነቱን ለመናገር የአንድ ደቂቃ ዕድል ተሰጥቶኝ ነበር። እኔ ያልኳት «ንስሐ ግቢ ማለት ነው» ነው። በማግስቱ የስፌት መኪናዋን አስጭና ሄደች። ሳትሰናበት ሄደች፤ እኛም አልፈለግናትም።

ስድስት ዓመት ወረቀት ስጽፍ ኖርኩ። በረከት ብቻ! ባለፈው ጳጉሜን ጋሽ ታደሰ «ራሔል፣ ወረቀቶቹን አደራ» ሲሉኝ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ተነሥቼ ኤዶ ኸድራ ቤት ሄድኩ።

«ኤዶ፣ እህት ዘነበች የት እንዳለች ታውቂያለሽ?»

«አሁን ነው የምትጠይቂው? ስድስት ዓመት ሙሉ ስልክሽ ካርድ አጥቶ ነው?»

ነገርኳት። ከእሷ በፊት ለማንም አልነገርኩም ነበር። ስጨርስ እንዲህ አለች፦ «ደጄ ለመጡት ‹እህቴ ናት› አልኳቸው። እሷን ማንም አልጠየቃት። ጓዳ ሆና በእናንተ አጸላለይ ስትጮህ ‹ቀስ በይ፣ ታስገድይናለሽ› ስላት ነው የከረምኩት። ካደች? ወላሂ፣ ያቺ ሴት መካድ ይቅርና ዝም ማለት አልቻለችም!» ከዚያ ጫማዋን ፈለገች። «ተነሺ። ሚኒባሱ ሳይሞላ።»

እህት ዘነበች ለካ ሩቅ አልሄደችም። ደገሀቡር ልትሄድ ተሳፍራ፣ ገና መንገድ ላይ ቀብሪበያ ስትደርስ መራቁን ልቧ አልችል ብሎ ወርዳ ነበር። ስንገባ የተማሪዎች የደንብ ልብስ ትሰፋለች፤ ከከተማው የስደተኞች መጠለያ የሚመጡ ሁለት ወጣት ሴቶችን ደግሞ ታሠለጥናለች። አቀፈችኝ። እቅፏ ውስጥ ሆኜ አልችልም ብዬ ወጣሁና፣ እሷ ወደ ስፌት መኪናዋ ስትመለስ፣ ቆሜ ነገርኳት።

የመኪናዋን መርገጫ አቆመች። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ? እኔ እኮ እግዚአብሔር ነው ብዬ ስንት ዓመት ከእሱ ጋር ስከራከር!» ሳቀች። መቀመጫዋን ይዛ ሳቀች።

«ይቺ ልጅ የፈጣሪን ደብዳቤ ትጽፋለች» አለች ኤዶ ኸድራ፤ «ፊርማው ብቻ ነው የቀራት።»

ከዚያ የእህት ዘነበች ሳቅ ቆመ። «የመጀመሪያው ዓመት ግን አያስቅም፣ ራሔል። የሙሽራ ልብስ መስፋት ትቼ ነበር፤ እርግማኔ እንዳይጋባባቸው።» ይህን ስትል ዓይኔን አየችኝ። እኔም አላቀረቀርኩም፤ ማየት ነበረብኝ። «በኋላ ግን መጽሐፉን ከፈትኩት። አንቺ አንድ መስመር ሰጠሽኝ፤ እኔ ወደ ታች ማንበቤን ቀጠልኩ። ሁለት ምዕራፍ ሳልፍ የተበተነውን ከሰማይ ዳርቻም ቢሆን እሰበስበዋለሁ ይላል። ያን ቀን የሙሽራ ልብስ ቆረጥኩ።»

ይቅር አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ያፈርኩት በሰው ፊት ነው። አንቺም በሰው ፊት ተናገሪ።»

ባለፈው እሑድ መጣች። ኤዶ ኸድራ በር ላይ ባጃጅ ውስጥ ሆና ጠበቀች። እኔም ተነሥቼ በጉባኤው ፊት ቆምኩ። «በ2011 እህት ዘነበች ያነበበችውን ቃል እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሆን ብዬ ነው። እሷ አልካደችም፤ የካድኩት እኔ ነኝ።» የወጣልኝ ይኸው ነው።

ጋሽ ታደሰ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ወደ እኔ የሚመጡ መስሎኝ ነበር፤ ወደ እሷ ሄዱ። በዚያ ዕድሜያቸው ጎንበስ አሉና «ልጄ፣ እኔም ፈርጄብሻለሁ» አሏት። እህት ዘነበች አላስጨረሰቻቸውም፤ ቀና አድርጋ አቀፈቻቸው። አንዲት እናት እልል አለች። ከዚያ ቤቱ በሙሉ! እልልታው ደጅ ድረስ ወጥቶ ኤዶ ኸድራ ዘበኛውን «ሰርግ አለ እንዴ?» ብላዋለች አሉ።

እኔም እያለቀስኩ እልል አልኩ። በሕይወቴ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። ይህ ደስታ ግን ድል ነው ካላችሁ የእሷ ድል ነው። ክፉ ሐሳቤ መልካም ፍሬ አፈራ አልልም፤ ፍሬውን ያፈራችው እሷ ናት። እኔ የሰጠኋት መርዝ ነበር። ልጅ ነበርኩ፣ ጊዜው ክፉ ነበር፣ ፈርቼ ነበር፤ ሁሉም እውነት ነው፣ አንዱም ግን እስክሪብቶውን አላስያዘኝም።

የምለምናችሁ ለእኔ አይደለም። ካደች፣ ተረገመች የሚለው ወሬ አውበሬም ደርሷል፣ ደገሀቡርም ደርሷል፤ እሷ ባልሄደችበት ሁሉ ስሟ ቀድሟት ሄዷል። ያን የሰማ ይህንንም ይስማ። እህት ዘነበች አልተረገመችም። አንድም ቀን ተረግማ አታውቅም።