ቀስ ብላችሁ ኑ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ንስሐ አባቴ «ሌላስ?» ሲሉኝ ስለ መጠጡ፣ ስለ ቁጣዬ፣ ጾም ስለ መግደፌ እዘከዝክና እዚህ ጋ ስደርስ «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። አለ እንጂ። እንዴት የለም? ስለዚህ ለእርስዎ፣ ለማያውቁኝ አንባቢ ልናገረው። ፊትዎን ስለማላይ ይቀለኛል።

ሥራዬ ዲጄነት ነው። የማጫውተው ሃውስ የሚባለውን ሙዚቃ ነው፤ ግጥሙ ጥቂት፣ ምቱ ብዙ የሆነውን። ክረምት ሲገባና ከውጭ የሚመጣው ሰው ክለቡን ሲሞላው የእኛ አዝመራ ይደርሳል። ገበሬው በክረምት ያርሳል፣ እኛ በክረምት እናጭዳለን። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ ተመልሶ አዲስ አበባ። ዘንድሮም ሌላ ሰው ያቀናበረልኝን አዲስ ሥራ አውጥቻለሁ። ፖስተሬ ጦር ኃይሎች ታክሲ መያዣው አጠገብ ተለጥፏል፤ ፎቶው ላይ እየሳቅሁ ነው። ባጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ይሄ ሰውዬ ምን አስደሰተው እላለሁ። እኔ ደክሞኛል። የእንቅልፍ ድካም ቢሆን ኖሮ ተኝቼ ይወጣልኝ ነበር።

ጌታነህ የሚባል ጓደኛ አለኝ። ኮልፌ ውስጥ፣ ከዓለም ባንክ ወረድ ብሎ ባለ ሰፈር፣ አንድ አጥር ተጋርተን ያደግን ነን። እሱ ልጅ ሳለ አባቱ ስለሞቱ ከእናቱ ከእትዬ አስካለ ጋር ብቻውን ነበር የሚኖረው። እትዬ አስካለ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ነበራት። እኔንም እንደ ልጇ ስለምታየኝ «እርስዎ» ብያት አላውቅም። ሙዚቃ ጀመርን ስንላት ግቢው ጥግ ያለውን ሰርቪስ ቤት አስረከበችን። ድምፁ ጎረቤት እንዳይረብሽ ብላ ከሱቋ የተራረፈውን የእንቁላል ካርቶን እያጠራቀመች ሰጠችን፤ ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። አንዳንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ ታዳምጠንና «ልጆቼ፣ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» ትለናለች። «ጀምሯል እኮ!» ስንላት፣ «እኔማ በር የሚያንኳኳ ሰው መስሎኝ ልከፍት ወጣሁ» ብላ ትስቃለች።

እውነቱን ልናገር ከተባለ ሙዚቃውን የሚሠራው ጌታነህ ነበር። ምቱን እሱ ያገኘዋል፣ ኪቦርዱን እሱ ይነካዋል። እኔ የማውቀው ማጫወትና ሰው ማስጨፈር ነው። አፍ አለኝ፣ እሱ የለውም። እሱ እጅ አለው፣ እኔ የለኝም። የመጀመሪያ ሥራችን ሲወጣ ስማችን እኩል ተጻፈ፤ ያለ እሱ ግን መድረክ ላይ ብወጣ የምሠራው የሰው ሙዚቃ እየቀያየሩ መቆም ብቻ ነበር። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ በደሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው የክረምት ጉዟችን ላይ ሐዋሳ ነበርን። ዓርብም ቅዳሜም እንሠራለን፤ አዲሱን ሥራችንን በይፋ የምናስተዋውቀው ግን ቅዳሜ ነው። በየከተማው ላሉ ክለቦች የክረምት ፕሮግራም የሚይዘው ሰው ቅዳሜ መጥቶ ሊያየን ቀጠሮ አለ። ከወደደን ክረምቱ የእኛ ነው። ካላየን ደግሞ ወደ ሰርቪስ ቤታችን፣ ወደ እንቁላል ካርቶናችን።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስፒከር ስናስተካክል ስልኬ ጮኸ። የሰፈራችን የእድር ሊቀ መንበር ጋሽ ወልዴ ናቸው።

«ሄኖክ፣ ከጌታነህ ራቅ በልማ» አሉኝ። ራቅ አልኩ። «አስካለን ትንሽ አሟታል። ልጁን ይዘኸው ና። ዛሬውኑ፣ ቶሎ። ለእሱ ምንም እንዳትነግረው፣ መንገድ ላይ ይደነግጣል። አደራህን።»

እርስዎም የዚህ አገር ሰው ነዎትና ወጋችንን ያውቁታል። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ሲሞት ርቆ ላለው ልጁ አይደወልም፤ አብሮት ላለው ሰው ይደወልና «ትንሽ አሟታል፣ ይዘኸው ና» ይባላል። ልጁ ምንም ሳያውቅ ይመጣል። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ቤቱን አንኳኩተው ይነግሩታል። እኔም ጋሽ ወልዴን ስሰማ በልቤ እትዬ አስካለ ሞታለች አልኩ። ከመኪናው ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ማልቀሴን የምነግርዎት እንዲራሩልኝ አይደለም፤ አልቅሼም ያደረግሁትን እንዲያውቁ ነው።

እንባዬን ጠርጌ ማሰብ ጀመርኩ። ከሞተች ሞታለች። ዛሬ ብንሄድ ነገ ብንሄድ ምን ይለወጣል? ለቀብሩ ባንደርስ ለሠልስቱ እንደርሳለን። የሞተ ሰው አይጠብቅም አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ከዚያ ስልኩን መልሼ ደወልኩና ለጋሽ ወልዴ፣ «መኪናችን ተበላሽቶ ጋራዥ ነው፤ እንደተሠራ እንነሳለን» አልኳቸው። እሳቸው «በአውቶቡስስ?» አሉኝ። «ዛሬ አናገኝም፣ ነገ» አልኩ። መኪናዋ ፊት ለፊቴ ቆማለች። ምንም አልሆነችም።

ግን እውነት ሞታለች ብዬ አምኜ ነበር? ለዓመታት ራሴን የምጠይቀው ይህን ነው። አንድ ቃል ብጠይቅ ይበቃኝ ነበር፤ «አለች ወይስ የለችም?» ለምን አልጠየቅሁም? «አለች» ቢሉኝ መሄድ ሊኖርብኝ ነዋ! ስላልጠየቅሁ ሞተች። ወጋችን ሰውን ከድንጋጤ ለማዳን የሠራውን ዝምታ እኔ ተደበቅሁበት። ቅዳሜ ጋሽ ወልዴ ደጋግመው ደወሉ። ስልኩን ድምፁን አጥፍቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ለሞተ ሰው ይህን ያህል ይደወላል? ይህንንም አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ጌታነህ እናቱ ጋ ደወለ። ዝግ ነው። ግራ ተጋብቶ አየኝ። «መብራት ጠፍቶ ይሆናል» አልኩት። የኮልፌ ልጅ ይህን ቢሰማ ይጠራጠራል? አመነኝ። መድረክ ላይ ስንወጣ፣ አፍ የሌለው ጌታነህ ማይኩን ከእጄ ነጠቀኝና «እናቴ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው ትለናለች፤ እማዬ፣ አሁን ጀመረ!» አለ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። እንደዚያ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ሊያየን ቀጠሮ የነበረው ሰውም ጥግ ላይ ቆሞ እያጨበጨበ ነበር። እኔ ከጌታነህ ጎን እየዘለልኩ ነበር፤ እናቱ ሞታለች ብዬ እያሰብኩ፣ እየሳቅሁ።

እሁድ ጠዋት ስልኩን አነሳሁ። ጋሽ ወልዴ አልተቆጡኝም። «ሄኖክ፣ አሁን ቀስ ብላችሁ ኑ። መኪናውን አታስሩጡት፣ መንገዱ ያዳልጣል» አሉኝ።

ያኔ ገባኝ። ዓርብ «ቶሎ» ያሉኝ ሰው ዛሬ «ቀስ» አሉኝ። ለሞተ ነው ቀስ ብላችሁ ኑ የሚባለው። ዓርብ በሕይወት ነበረች። ያረፈችው ቅዳሜ ሌሊት እንደሆነ ኋላ ሰማሁ፤ ልጇ በማይክ ሲጠራትም በሕይወት ነበረች። መኪናው ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

መንገዱን ሁሉ ጌታነህ አዲስ ዜማ እያንጎራጎረ ተጓዘ። ዝዋይ ላይ አስቁሞኝ ለእናቱ ቲማቲም ገዛ፤ የበሰሉትን እየተወ፣ እንዲቆዩላት ብሎ ጥሬዎቹን መረጠ። ማታ ወደ ሰፈር እንዳንገባ ጋሽ ወልዴ ስላዘዙኝ ለጌታነህ «መንገዱ ጭቃ ነው፣ ዕቃውን ጠዋት እናስገባ» ብዬ ጦር ኃይሎች አጠገብ ያለው ወንድማቸው ቤት አደርን። ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ጌታነህ ጋቢ የለበሱትን ሽማግሌዎች ሲያይ አንድም ቃል አልጠበቀም። ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ ታውቅ ነበር?» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። አንገቴን የደፋሁት ለሌላ ነገር እንደነበር ማን ያውቃል?

ከዚያ በኋላ የሆነው ከሁሉም ይከፋል። ተመሰገንኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ «ይህን ሁሉ መንገድ በሆዱ ይዞ መጣ፣ አንጀተ ጠንካራ ልጅ» አለኝ። ጌታነህ ራሱ ትከሻዬን ስሞ፣ «እንዴት ቻልከው ወንድሜ?» አለኝ። ጋሽ ወልዴ ብቻ ወደ ቀብር ስንሄድ ጠጋ ብለውኝ «መኪናዋ ተሠራች?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ» አልኩ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ለሐዘንተኛ «እናትህ ስትጠራህ ነበር» አይባልም፤ አንጀቱን ያሳርረዋል። ስለዚህ ለጌታነህ በድንገት፣ ሳትሰቃይ አረፈች ብለው ነገሩት። ደግነታቸው ሁሉ እኔን ሸፈነኝ።

ጌታነህ ወደ መድረክ አልተመለሰም። ከሙት ዓመቱ በኋላ ይመለሳል ብዬ ነበር፤ አልሆነም። አሁን ጦር ኃይሎች ስፒከርና አምፕሊፋየር ይጠግናል። የእኔንም ዕቃ የሚጠግንልኝ እሱ ነው። አንድ ጊዜ ሥራው ላይ አጎንብሶ እንዳለ፣ «እናቴ ነፍሷ ስትወጣ እኔ እየጨፈርኩ ነበር። ስልኳ ዝግ ሲሆን ምነው ልቤ ጠርጥሮ ቢሆን ኖሮ!» አለኝ። መብራት ጠፍቶ ይሆናል ያልኩት እኔ፣ አጠገቡ ቆሜ ሻዬን ጠጣሁ። የእኔን ኃጢአት እሱ ተሸክሞልኝ ሲያጎነብስ ዓመታት አየሁ። ብነግረው እኔ ይቀለኛል እሱን ይከብደዋል እያልኩ ለራሴ ስሰብክ ኖርኩ። ያማረ ሰበብ ነው። ሰው መቼም ለራሱ ሲሆን ሰባኪ አያጣም።

ዘንድሮ ክረምቱ ሳይገባ ጋሽ ወልዴ ታመው ልጠይቃቸው ሄድኩ። አርጅተዋል። እኔ ሳልጠይቃቸው፣ «ያን ዓርብ አስካለ የግቢውን በር አስከፈተችን» አሉኝ። «ልጆቹ ዕቃ ጭነው ነው የሚመጡት፣ ዝናብ ላይ ቆመው በር እንዳይጠብቁ አለች። እንዝጋው ብንላት እንቢ አለች። ነፍሷ እስክትወጣ እንደተከፈተ ነበር።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ያንን በር አይቼዋለሁ። መርዶው በተነገረ ጠዋት ስንገባ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ ለለቅሶ መጪው የተከፈተ መስሎኝ አልፌው ገባሁ። ለእኔም ነበር የተከፈተው። «ልጆቹ» ያለችው ጌታነህንና እኔን ነው። የሞተ ሰው አይጠብቅም ያልኩት እኔ፣ በሕይወት ያለችን ሴት በር አስከፍቼ አስጠበቅሁ። አደራ በላ ማለት ሌላ ምንድን ነው?

ነገ የክረምቱ ጉዞዬ ይጀምራል፤ መጀመሪያው ሐዋሳ ነው። ዛሬ ጠዋት ጌታነህ ጋ ደወልኩና፣ «ማታ እቤትህ እመጣለሁ፣ የምነግርህ ነገር አለኝ» አልኩት።

«ማን ሞተ?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም» አልኩት።

«እንግዲያው ና። ዝናብ ነው፣ በሩን ክፍት አደርግልሃለሁ፣ መኪናህን አስገባ» አለኝ።

ይቅርታ አልጠይቀውም። ጌታነህን አውቀዋለሁ፤ ብጠይቀው ይቅር ይለኛል፣ እኔም ተኝቼ አድራለሁ። ይህ አይገባኝም። እርስዎም ይቅር አይበሉኝ። ማታ የምነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንተ አልዘገየህም፣ ያዘገየሁህ እኔ ነኝ።