የፀጉር አስተካካዩ ጥግ

በ«ጎ» ጨዋታ ክበባችን አዲስ አጀማመር ያመጣ ሰው አጀማመሩ በሙያው ይጠራለታል። የሚጠራው ግን ለፈለሰፈው ሳይሆን በውድድር ላይ ቀድሞ ለተጫወተው ነው። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ባገኘው የምለውን ግን አውቃለሁ።

ወዳጄ ፀጉር አስተካካይ ነው። በስሙ የሚጠራ ነገር ኖሮት አያውቅም፤ ሱቁን እንኳ ሰው ዛሬም በቀድሞው ባለቤት ስም ይጠራዋል። ጎ በጥቁርና በነጭ ጠጠር ቦታ የመክበብ ጨዋታ ነው፤ ጥግ ቶሎ ስለሚታጠር ሁሉም መጀመሪያ የሚሻማው እሱን ነው። ወዳጄ ግን ባላንጣው ወደ ጥጉ ሲጠጋ፣ ጥጉን ለቆለት ከውጭ በኩል ጠጠሩን ልጥፍ ያደርግበታል። ያኛው ጥጉን በልቶ ሳይጨርስ የሰሌዳው መሃል ተወስዷል። ሲያዩት የእብድ ሥራ ይመስላል።

ለልምምድ ያመነው የሚስቱን ታናሽ ወንድም፣ ሎጋው የምንለውን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ሳሎን ውስጥ መጋረጃ ጋርደው ሲጫወቱ ሚስቱ አጠገባቸው ሹራብ ትሠራለች።

የውድድሩ ቀን ሎጋው በመጀመሪያው ዙር ያቺኑ ጠጠር ለጠፋት። ሰው ተሰበሰበ፣ ተደነቀ። ሊቀመንበሩ እዚያው «የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጥግ» ብሎ ሰየመ። ወዳጄ እውነቱን ይናገር ይሆናል ብሎ ዓይን ዓይኑን አየው። ሎጋው አንገቱን ደፍቶ ምስጋናውን ተቀበለ።

ወዳጄ በረንዳ ላይ አገኘው።

«ጋሼ፣ ደንቡን እኔ አላወጣሁትም። እርስዎ ዛሬ ነገ ሲሉ ከረሙ። ማን ይጠብቅዎታል?»

«አንተ ትጠብቀኛለህ ብዬ ነበር።»

እኔ አላስቻለኝም፤ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄጄ ጮህኩ። ምስክር አምጣ አለኝ። ምስክርማ ነበረች። ሚስቱን ብንለምናት፣ ለአንዲት ጠጠር ብዬ ወንድሜን ሌባ አላስብልም አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ ሎጋው አስቀድሞ እንዳማከራት፣ እሷም «እሱ እንደሆነ አይጫወታትም፣ ተጫወታት» እንዳለችው ነገረችን። ወዳጄ ያን ጊዜ ነው ፊቱ የተለወጠው።

በሚቀጥለው ዙር ባላንጣው ወደ ጥጉ ተጠጋ። ቦታው ክፍት ነው፣ ጠጠሯ በጣቱ መሃል ናት። ወዳጄ ግን እንደማንኛውም ሰው ጥጉን አጠረ። ተሸነፈ።

ምን ነካህ ብዬ ተቆጣሁት።

«ብጫወታት» አለኝ፣ «ከአማቹ ቀዳ ይሉኛል።»