የአገኘሁ ሠላሳ

ደባርቅ ገብቶ አገኘሁን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ መሆን አለበት። አሮጌ ላንድሮቨር ነበረችው። በሮቿ በሽቦ የታሰሩ፣ አረንጓዴ ቀለሟን ፀሐይ የበላው ብትሆንም፣ መንገዱ ገና አስፋልት ባላየበት ዘመን ዳገቱን ከእሷ በላይ የሚያውቅ መኪና አልነበረም። ለሳንቃ በር የፓርክ ጠባቂ ስካውቶች ቀለብ ያደርሳል፣ በገበያ ቀን ከዳባት ሰው ይጭናል፣ ከአምባራስ ታማሚ ወረደ ሲሉትም አይጨክንም፤ ይዞ ይሄዳል።

አንድ ኩራት ነበረው፤ ሲነዳ በሰዓት ከሠላሳ ኪሎ ሜትር አያልፍም። ተሳፋሪ ሁሉ ይችን ነገር ያውቃታል። "አጌ፣ ስንት ላይ ነህ?" ይሉታል ሊያሾፉበት። የፍጥነት መለኪያውን በጣቱ መታ መታ ያደርግና "ሠላሳ!" ይላል። "ወይ ጉድ! ያንተ ሠላሳ ከሰው ሠላሳ ቀድማ ታደርሳለች እኮ!" ይሉና ይስቃሉ። እሱም ይስቃል። አይ እኛ! መሳቁን እናውቅበታለን፤ ልብ ማለቱን ግን ማን ይስጠን።

ኩራቱ ዝም ብሎ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ከዓመታት በፊት ከወቅን ከተማ ወዲህ ባለው ሜዳ ላይ፣ መንገድ ዳር ካለ ቤት ሰብሌ የምትባል ሕፃን ሮጣ ወጣችና ፊቱ ገባች። ፍሬን ያዘ፤ አልደረሰላትም። ልጅቷ እዚያው ሕይወቷ አለፈ። ሕጉ የራሱን አደረገ። ከሕግ በኋላ ግን ደም ማድረቅ የሽማግሌ ሥራ ነውና ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አባትየው ሀብተ ሚካኤል ካሳ አልፈልግም አለ። "አንድ ነገር ብቻ ነው ከአንተ የምፈልገው። እየሮጥክ እንዳልነበር በሚካኤል ፊት ማልልኝ። ያኔ ከእግዜር መጣ ብዬ እቀበላለሁ" አለው።

አገኘሁ ማለ። ጠቋሚው ሠላሳ ላይ መሆኑን በዓይኑ ስላየ ልቡ ሙሉ ነበር። ቄሱ መስቀል ይዘው፣ እሱ ጫማውን አውልቆ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ፣ "ከሠላሳ አላለፍኩም፤ አልፌ ከሆነ የልጄን ልጅ አያሳየኝ" አለ። ሀብተ ሚካኤል አቀፈው። ተላቅሰው ታረቁ።

ያልታረቀችው እናትየዋ ናት፤ በለጠች። "መኪናው ይሮጥ ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ" አለች። ማን ይስማት! በሚካኤል ተምሎ ካበቃ በኋላ ምን ክርክር አለ? ባሏ ተቆጣት፣ ሽማግሌዎቹ ገሠጿት። ከዚያ ወዲያ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ አሉ፤ ጋኔን ለከፋት ያሉም ነበሩ። ጠበል ወሰዷት፣ አስረው አስጠመቋት፤ ምንም። ላንድሮቨሯ ባለፈች ቁጥር ከቤቷ ትወጣና መንገድ ዳር ቆማ ትጮኻለች። "ይሮጣል! ይሮጣል!"

የሚያስፈራው ጩኸቱ አልነበረም። ሌላ መኪና ሲያልፍ አትወጣም። አውቶቡሱ ይብረር፣ አይሱዙው እንደ ጥይት ይለፍ፣ ዞር ብላ አታየውም። የአገኘሁ መኪና ስትሆን ግን ገና ከዓይን ሳትገባ ታውቃለች። ጉም ወርዶ የመኪናዋ አፍንጫ እንኳ በማይታይበት ቀን አስቀድሞ የበለጠች ጩኸት ይመጣል፤ ነጠላዋ ከጉሙ ውስጥ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተሳፋሪው ወሬውን ቆርጦ ያማትባል። አገኘሁ መለኪያውን ያያል። ሠላሳ። ጠጉሩ ይቆማል። "ጌታዬ፣ ምን አድርግ ነው የምትለኝ?" ይላል በሆዱ።

ታዲያ ለምን ቀስ አይልም ትሉኝ ይሆናል። ከሠላሳ ቢወርድ ጥፋቱን ያመነ ይመስለዋላ! ደግሞም እዚያች ቦታ ሲደርስ እግሩ ነዳጁን መልቀቅ እምቢ ይለዋል። ቶሎ ማለፍ ነው የሚፈልገው።

የአገኘሁ ልጅ ሕሊና አንድያ ናት። ደባርቅ ታስተምራለች፤ ደህና ባል አግብታለች። የመጀመሪያው ጽንስ ጨነገፈባት። አይዞሽ፣ ያጋጥማል ተባለ። ሁለተኛው ሲጨነግፍ ግን ማንም ምንም አላለም። ጎረቤቱ ሁሉ አገኘሁን ሰርቆ ማየት ጀመረ። ሰላምታ ይሰጡታል፤ እሱ ካለፈ በኋላ ወሬያቸው ዝቅ ይላል። አገኘሁም የቆመች መኪናው ውስጥ ብቻውን ገብቶ ያንን መለኪያ ትኩር ብሎ ሲያይ ይውላል። ምስክሩ እሱ ብቻ ነዋ። መካኒክ ሌላውን ሁሉ ሲፈታታ ዝም ይላል፤ ወደ መለኪያው እጁን ሲሰድ ግን "ተው! እሱን አትንካብኝ!" ብሎ ይጮኽበታል። ሕሊና ለሦስተኛ ጊዜ ያረገዘች ጊዜማ እንቅልፍ ካይኑ ጠፋ።

በዚያው ሰሞን የመኪና ዓመታዊ ምርመራ ደረሰ። መርማሪው የፍጥነት መለኪያው መስታወት ተሰነጣጥቋል፣ ቁጥሩ አይነበብም፣ ሳታስጠግን ቦሎ የለም አለው። ለመነ፤ ወይ ፍንክች። ምን ያድርግ፣ መኪናዋን እየገፋ ሳይሆን ልቡን እየጎተተ ድረስ ወደሚባለው መካኒክ ወሰዳት።

ድረስ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። "ዛሬስ እመቤቲቱን ልትገልጥልኝ ነው!" እያለ መለኪያውን ነቀለው፤ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ፊቱን ጠራረገው። ከዚያ ጨዋታው ቆመ። ወደ ብርሃን አውጥቶ አየው፤ መልሶ አየው።

"አጌ፣ መኪናዋን ስትገዛት ይኼ የራሷ ነበር?"

"የራሷ ተሰብሮ፣ ከወዳደቀ የእንግሊዝ ላንድሮቨር ተነቅሎ የገባ ነው ብለውኛል። ምነው?"

ድረስ ከቁጥሮቹ ግርጌ ያለችውን የደበዘዘች ጽሑፍ በጣቱ አሳየው። "ይኼ ኪሎ ሜትር አያውቅም። የሚቆጥረው በማይል ነው። ማይል ደግሞ ከኪሎ ሜትር በብዙ ይረዝማል። እሱ ሠላሳ ሲልህ አንተ ሃምሳ ልትገባ ምንም አልቀረህም።"

አገኘሁ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ድረስም መሐላውን ያውቃል፤ ደባርቅ ውስጥ የማያውቅ የለም። እጁን ሲጠርግ ቆየና ጎንበስ ብሎ፣ "ስማኝ፣ ሳታውቅ ነው የማልከው። እኔ እንደሆንኩ አፌ አይከፈትም። መስታወቱን ብቻ ቀይሬ ልመልሰው?" አለው።

እንዲያ ቢሆን ማንም ባላወቀ። አገኘሁ ሕሊናን አሰበ፤ ስትራመድ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ እንደምትይዝ አሰበ። ሌላው ሰው ባያውቅ እሱ አውቋል፤ ሚካኤልም ያውቃል።

"አስተካክለው" አለ።

ድረስ የድሮዎቹን ቁጥሮች ፋቀና የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በነጭ ቀለም በቀጭኑ ጻፈበት። ከዚያ አዲስ ፒክአፕ ተውሶ ከፊት በልኩ ሠላሳ እየነዳ መራው፤ አገኘሁ ከኋላ ተከተለው። ጠቋሚው አዲሱ ሠላሳ ላይ ቆመ። ድረስ እጁን በመስኮት አውጥቶ "ልክ ነው!" ብሎ ጮኸና ተመለሰ። አገኘሁ ግን አልተመለሰም። ብቻውን ወደ ወቅን ቀጠለ።

ጉሙ ሜዳው ላይ ሳስቶ ተኝቶ ነበር። ሠላሳን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። ይኼ ነው ሠላሳ? የአጥሩን እንጨት አንድ በአንድ ያያል። የገብሱን ክምር ያያል። በር ላይ የተሰጣ ልብስ ያያል። በዚያ ቦታ ስንት ዓመት ሲመላለስ ይህን ሁሉ አይቶ አያውቅም። ጩኸቱን ጠበቀ፤ አልመጣም። ዝምታው ከጩኸቱ ባሰበት።

አንዲት ዶሮ ከአጥሩ ሥር ወጣች። ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ቆመች። ዶሮዋ ገና መሀል መንገድ አልደረሰችም ነበር፤ ቆም ብላ መሬቱን ጫረች፣ ከዚያ በቀስታ ተሻገረች።

አገኘሁ መሪው ላይ ተደፋ። "በዚህኛው ሠላሳ ሰብሌም ትሻገር ነበር" አለ ድምፁን አውጥቶ። "ትሻገር ነበር! እኔን አፈር ይብላኝ!"

ቀና ሲል በለጠች መስኮቱ ሥር ቆማለች። መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"የማን መኪና ነች?" አለችው።

አላወቀቻትም። በጆሮዋ ስታውቃት የኖረችው መኪና ይች አይደለችማ። አገኘሁ የበሩን ሽቦ ፈትቶ ወረደ። ይኼኔ ሀብተ ሚካኤል መንሽ ይዞ ከአውድማው መጣ። "አጌ! ተበላሸችብህ እንዴ? አንቺ፣ ግቢ ወደ ቤት! ሰውየውን ልቀቂው!"

"አያ ሀብቴ፣ ይስሙኝ" አለ አገኘሁ። "የማልኩት ልክ አልነበረም። መለኪያው ሲዋሸኝ ኖሯል። ያን ቀን እሮጥ ነበር። ልክ የነበሩት እትዬ በለጠች ናቸው።"

መንሹ ወደቀ። በለጠች ወደ ባሏ ዞረች።

"ሰማህ?"

ሰውየው ጋቢውን ፊቱ ላይ ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እሷ ሁለተኛ አላየችውም።

አገኘሁ ከመንገዱ ዳር ትልቅ ድንጋይ አነሣ፤ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ፊቷ ጎንበስ አለ። ይቅርታ የሚለመነው እንዲያ ነውና። ሊናገር የፈለገው ብዙ ነበር፤ የወጣው ግን "ልጄ እርጉዝ ናት። የማልኩት በልጇ ነው" የሚለው ብቻ ሆነ። በለጠች ቁልቁል አየችው። ድንጋዩ ከብዶት ላቡ መሬት ላይ ይንጠባጠባል፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም።

በመጨረሻ በለጠች በገዛ እጇ ድንጋዩን ከማጅራቱ አወረደችለት።

"ልጅህን ማርያም በሽልም ታውጣት፤ እሷ ምን አደረገች" አለች። "የኔን ልጅ የበላትን ፍጥነት ግን ሁለተኛ ሠላሳ ነበር እንዳትልብኝ።"