የተቀደደው አኮርዲዮን

ሱቅ ገብቼ «በእጅ መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ሳይ ደስ ይለኛል። ጓደኞቼ ይናደዳሉ፤ «ሌባ መሰልናቸው እንዴ?» ይላሉ። እኔ ግን እጄን ኪሴ ከትቼ፣ የምፈልገውን ባለሱቁ ራሱ አውርዶ እስኪያሳየኝ እጠብቃለሁ። ይህን ጠባይ ያመጣሁት ከአሰበ ተፈሪ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። ከጎጃም ተመድቤ የሄድኩ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ስለ ሙዚቃ ከሬዲዮ ያለፈ እውቀት ሳይኖረኝ፣ ድምፅሽ ያምራል ተብዬ የትምህርት ቤቱ የኪነት ቡድን ኃላፊ ተደረግኩ። ያን ጊዜ እንቢ ማለት እንደዋዛ የሚሞከር ነገር አልነበረም።

ከገበያው ከፍ ብሎ አንድ ሽማግሌ ሬዲዮ፣ ክራርና ዋሽንት የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው። ግድግዳው ላይ ከድሬዳዋ ያስመጡት አንድ ቀይ አኮርዲዮን ተሰቅሏል። በዚያ አገር ከምሳ በኋላ ባለሱቅ ከተቀመጠበት አይነሳም። ጫቱን ይዞ ከመጋረጃው ኋላ ፍራሹ ላይ ጋደም ይላል፤ ደንበኛው የፈለገውን ራሱ ያወርዳል፣ ራሱ አይቶ ራሱ ይመልሳል። ከሌላ አገር ለመጣን ሠራተኞች ይህ መተማመን ይገርመን ነበር። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ገባሁና «አባባ፣ አኮርዲዮኑን ልየው?» አልኳቸው።

«አውርጂው፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ ከመጋረጃው ኋላ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

አወረድኩት። ወናፉን ግጥም አድርገው የያዙት ሁለት የቆዳ ማሠሪያዎች ናቸው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። እኔ ያየሁት የላዩን ብቻ ነው። ፈታሁና ሳብኩ። እንቢ ሲለኝ፣ አዲስ ስለሆነ ነው የደረቀው ብዬ ጉልበት ጨመርኩ። ከታች ጠርርር ብሎ ተቀደደ፤ አየሩም እፍ ብሎ ወጣ።

መናገር ነበረብኝ። ግን ወናፉ ሲታጠፍ ቀዳዳው አይታይም፤ አጥፌ፣ ማሠሪያውን አጥብቄ ሰቀልኩት። «አመሰግናለሁ አባባ፣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ።

በማግሥቱ መምህራን ማረፊያ ውስጥ አንድ ወሬ ሰማሁ። ቀበሌው አኮርዲዮኑን ለሠራተኞች ቀን ሰልፍ ሊገዛው ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት መጥተው ይረከባሉ። ያን ጊዜ ነጋዴ የተበላሸ ዕቃ ለቀበሌ ሰጠ ማለት አሻጥር ነው፤ አሻጥር ደግሞ ቢያንስ ቢያንስ ያሳስራል። ሽማግሌው በእኔ ጥፋት ሊታሰሩ ነው። አርብን ሙሉ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን እያጠፋሁ መልሼ ያንኑ ስጽፍ ዋልኩ። ሄጄ እናገራለሁ እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ፣ የሰልፉን አኮርዲዮን የሰበረችው የኪነት ኃላፊዋ ናት ቢሉኝ ማን ያድነኛል እላለሁ።

ቅዳሜ ማልጄ ሄድኩ፤ ግን ተቀድሜያለሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ባንኮኒው ፊት ቆሟል። ሁለቱንም ማሠሪያ ፈትቶ አኮርዲዮኑን ሲስበው ቀዳዳው ወለል ብሎ ታየ።

«ማነው የቀደደው?» አለ።

እኔ ደፉ ላይ ነበርኩ። ሽማግሌው አዩኝ፤ በደንብ አዩኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረው «እኔ ነኝ። ሳወርደው ከእጄ ወደቀ» አሉት።

እኔስ? መንገድ ለቀቅኩላቸውና ሽማግሌውን ሲወስዷቸው ቆሜ አየሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ በራሴ እበግናለሁ።

ሦስት ቀን ታሰሩ። ወንድሞቻቸው ከሂርና መጥተው፣ የሰፈሩም ሰው ዋስ ሆኖ አስፈታቸው። በተፈቱ ማግሥት ሄድኩና እያለቀስኩ «አባባ፣ እኔ ነኝ የቀደድኩት» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ሐሙስ ለት ሲቀደድ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩብኝም?»

«አንቺ እንግዳ ነሽ። ብትታሰሪ ማን ይመጣልሻል? እኔ ወንድም አለኝ፣ ጎረቤት አለኝ። ደግሞ አውርጂው ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ሱቄ ውስጥ የተበላሸ የእኔ ነው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ግን አርብን ሙሉ ጠብቄሽ ነበር። ጫማ ሰፊው እዚህ አጠገቤ ነው። ብትነግሪኝ በአንድ ቀን ይሰፋው ነበር።»

«እርስዎስ ለምን አላሰፉትም?» ማለት ቃጥቶኝ ነበር። ግን ዓይናቸውን ሳየው ገባኝ፤ መጥታ ትነግረኛለች ብለው አምነው ነው የጠበቁኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት እዚያው ከተማ አስተማርኩ። ሁለቱንም ዓመት ትምህርት ቤት የምሄደው በሱቃቸው ደጅ ላለማለፍ በጓሮ በኩል ዞሬ ነበር።