መብረቂትን የምትስለው እህቴ

ታላቅ እህቴ መብረቂትን ትስል ነበር። መብረቂት ጭንብል ያጠለቀች፣ ዶዘር በአንድ እጇ የምታነሳ የኮሚክ መጽሔት ጀግና ናት፤ የድሃ ቤት ሊፈርስ ሲል ከሰማይ ዱብ ትላለች። ጠላቷ ሁልጊዜ ፈገግ የሚል የከተማ ሹም ነው። በዚያን ጊዜ በከተማችን ለሰፊ መንገድ ሲባል የእውነት ቤቶች ይፈርሱ ስለነበር፣ ሹሙ የቱ ሹም እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም ነበር።

በአንዲት ክፍል የሚሠሩት እህቴ፣ አዘጋጁ፣ ቀለም የምትቀባው ልጅና የገጸ ባሕርያቱን ንግግር በእጃቸው የሚጽፉት ሽማግሌ ናቸው። ለጽሕፈታቸው ውበት ቁም ጸሐፊው ይባላሉ። እህቴን ብዕር አያያዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

አንድ ሰሞን ገጾቹ ገና ሳይታተሙ ከሳንሱር ቢሮ ይደወል ጀመር። ይኼን አውጡ፣ ያንን አለዝቡ፤ እምቢ ካላችሁ መጽሔቱ ይዘጋል። ከመካከላቸው አንድ ሰው ወሬ ያወጣል ማለት ነው። እህቴ ቀለም ቀቢዋን ጠረጠረች፤ ልጅቷ አዲስ ጫማ ባደረገች ቁጥር መጥታ ትነግረኝ ነበር። ትንሽ ቆይታ አዘጋጁን፣ አንድ ሳምንት ደግሞ የገዛ ባሏን ጠረጠረች።

ተራው የእኛ ሰፈር መፍረስ የሚሳልበት እትም ሆነ። ይኼኛውን ማንም እንዲነካባት አልፈለገችም። ረቂቁን ፎቶ ኮፒ አድርጋ ስታድል፣ በየቅጂው ለሹሙ የተለያየ ክራባት ሳለችለት፦ ለአዘጋጁ ባለመስመር፣ ለልጅቷ ጥቁር፣ ለሽማግሌው ባለነጠብጣብ። ለሽማግሌው የሳለችው ለወጉ ያህል ነው።

በማግስቱ አዘጋጁ ሳንሱር ቢሮ ተጠርቶ ሄዶ ግራ ገብቶት ተመለሰ። ባለነጠብጣቡ ክራባት አለቃችንን ያስመስለዋልና አውልቁለት ብለውታል፤ እሱ ያየው ደግሞ ባለመስመር ነው። እህቴ ወደ ሽማግሌው ጠረጴዛ ሄደች።

"ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?"

ብዕራቸውን እየጠረጉ ነበር። አልካዱም።

"ለየብቻ የሳልሽው እኔንም ጠርጥረሽ ነው?"

"ሁሉንም ነው የጠረጠርኩት።"

"እኔ ከሁሉም ጋር ነኝ እንዴ?"

ቅሬታቸው የምር ነበር፤ እህቴን ያበገናትም እሱ ነው። አስቀድመው እያሳዩ፣ እያስለዘቡ፣ መጽሔቱን እስከዛሬ ያቆዩት እሳቸው እንደሆኑ ነገሯት። እህቴ ገጾቹን ሰብስባ ቤቷ ገባች። ጽሕፈቱንም ራሷ ጻፈችው፤ ፊደሉ ተንጋዶ የመብረቂት ንግግር የሹሙ ግንባር ላይ ወጣ። ቀለም ቀቢዋ ዶሮ የጫረችው ይመስላል ብላ ሳቀችባት። ከልጅቷ በቀር ለማንም ሳታሳይ በቀጥታ ማተሚያ ቤት አስገባችው።

እትሙ ወጥቶ በአንድ ቀን አለቀ። በሳምንቱ መጽሔቱ ተዘጋ።

ሽማግሌው "አላልኩም ወይ?" አላሉም። እህቴ ግን መጽሔቱን ያስዘጋው የሷ ሥዕል ይሁን የሳቸው ወሬ እስክትሞት ድረስ መለየት አልቻለችም። ስስቅ እንኳ፣ ምን ሰምተሽ ነው ትለኝ ነበር።

ቀብሯ ላይ ሽማግሌውን ከዘመድ ቀድመው ደርሰው አገኘኋቸው። ማን እንደነገራቸው እስካሁን አላወቅኩም።